ባዶውን ስጪኝ

በትምህርት ቤት ቁጥር 31 ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ሳህኖች አሉ። ስለዚህ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ተማሪዎች አሉ። አምና ስድስት መቶ አሥራ አራት ነበሩ፤ አንዱ ሳህን ከደረጃ ላይ ወድቆ ተሰነጠቀ፣ ሌላው የት እንደገባ ሳይታወቅ ቀረ። ሁለቱ ልጆች በማግስቱ አልመጡም፤ ለምን ቀሩ ብሎ የጠየቀም አልነበረም። በ2074 ዓ.ም. ኮምቦልቻ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የሚጠይቅ ሰው ወይ እንግዳ ነው ወይ ነገረኛ።

ሀሴት ነገረኛ አይደለችም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በምግብ አዳራሹ ማጠቢያ ክፍል ቆማ ሳህን ስትቀበል ኖራለች። ልጆቹን በፊታቸው ብዙም አታውቃቸውም፤ በመስኮቷ በኩል የሚያልፈው እጅ ብቻ ነው። ሳህኖቹን ግን ዓይኗን ጨፍና ትለያቸዋለች። 44 ጠርዙ ላይ ጥርስ አርፎበታል። 318 ማንም ይያዘው ማን ተልሶ ነው የሚመለሰው። 207 ደግሞ ጀርባው ላይ አራት ስም ተፍቆበታል፤ አምስተኛው፣ ገና ያልተፋቀው፣ ራቢያ እንድሪስ ይላል።

ሳህኖቹ ሁሉ የተሠሩት በአንድ ዓመት ነው። ከዚያ በፊት ትምህርት ቤቶች አንድ ጊዜ ተበልቶበት በሚጣል ሳህን ነበር የሚያበሉት፤ በ2036 ክረምት ያ ሁሉ ሳህንና ኩባያ ቦርከናን ደፈነውና ወንዙ ሠፈር ይዞ ሄደ። ከጎርፉ በኋላ የሚጣል ዕቃ ታገደ። ዕድሜ ልክ የሚያገለግል ሳህን ተሠርቶ፣ ተቆጥሮ ለየትምህርት ቤቱ ተከፋፈለ። እንደገና ማምረት ወደ ብክነት መመለስ ነው ተባለ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ዛሬም የሚቃወመው የለም፣ ሀሴትም ብትሆን ጎርፍ አትፈልግም። ብቻ ሳህኑ አንዴ እንደተቆጠረ ቀረ፣ ልጅ ደግሞ መወለዱን አላቆመም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ልጁ ሳህኑን ከመደርደሪያ አንስቶ ቧንቧው ሥር ያስቀምጣል፤ ወፍራም ሽሮ ይወርድለታል፣ ቂጣ ይወድቅለታል። ቧንቧው ፊት አያይም፣ ሳህን ነው የሚያየው። ልጁ በልቶ ሲጨርስ ክዳኑን ገጥሞ ለሀሴት ያቀብላል፣ ሀሴት ከነክዳኑ ማሽኑ አፍ ላይ ታኖረዋለች። ማሽኑ ይከፍታል፣ ይመዝናል፣ ያጥባል። የተበላበት ከሆነ አረንጓዴ ይበራል፤ ልጁም ዕለቱን ትምህርት ቤት እንደዋለ ይመዘገባል። ስም የሚጠራ መምህር ከቀረ ሰንብቷል።

ሃያ አንድ የትምህርት ቀን በተከታታይ ያልተበላበት ሳህን «ተፈታ» ይባላል፤ ስሙ ተፍቆ ለተጠባባቂ ልጅ ይሰጣል። በወር ሦስት ጊዜ ግማሽ የተረፈበት ሳህንም እንዲሁ። አዳራሹ ግድግዳ ላይ «የየራሳችንን እንብላ» የሚል ጽሑፍ አለ። ልጆቹ ክርናቸውን ከፍተው፣ ሳህናቸውን በደረታቸው ከልለው ይበላሉ። ማጉረስ ከተከለከለ ሃያ ዓመት ሆኖታል፤ የሚያስታውሱት ቤት ውስጥ ብቻ ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጡ ጎብኚዎች ጸጥታቸውን አይተው ያደንቃሉ።

ከግቢው በር ውጭ የተፈታ ሳህን ቁጥር የሚወጣበት ሰሌዳ አለ። ጧት ጧት እናቶች ልጆቻቸውን አጥበው፣ ጸጉራቸውን አበጥረው ሰሌዳው ሥር ይቆማሉ። ቁጥር ሲወጣ አንዲቷ እልል ትላለች፤ ነውር እንዳይሆን ሌሎቹም አብረዋት እልል ይላሉ። ሳህኑ እንዴት እንደተፈታ የሚያነሳ የለም። ስምንት ዓመት የሞላው ተጠባባቂ ከዝርዝሩ ወጥቶ ወደ ቁፋሮ ይላካል። ቁፋሮ ማለት ከከተማው በታች ያለው የድሮ ቆሻሻ ክምር ነው፤ ልጆቹ እዚያ ገብተው አያቶቻቸው በልተው የጣሉትን ሳህን እየለቀሙ ለማቅለጫ ይሰበስባሉ። አንዳንዴ የልደት ኬክ የተሳለበት ይወጣል፣ ቀለሙ እንኳ ሳይለቅ። ቁፋሮ የገባ ልጅ ከደረት ሳል ጋር ነው የሚያድገው።

ሀሴት አንድ ልጅ አለቻት። ሀሴት የሚለው ስም ዛሬ የአሮጊት ስም መስሏል፤ የዘመኑ ልጆች የቅድመ አያቶቻቸውን ስም ነው የያዙት፣ የሷም ልጅ ትርንጎ ትባላለች። ትርንጎ ሚያዝያ 3 ስምንት ዓመት ይሞላታል።

ራቢያ የታመመችው ጥር ላይ ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት፤ እናቷ ሉባባ ከሀሴት ቤት ጋር በአንድ ግድግዳ ተጣብቃ ነው የምትኖረው፣ ትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ። ሉባባ የቆፋሪዎችን ጓንት ትጥፋለች፤ የክምሩ አቧራ ከጓንቱ ጋር ቤት ይገባል፣ ከቤት ደግሞ ራቢያ ደረት ውስጥ ገባ። ሁለቱ ሴቶች ጨው የሚበዳደሩ፣ አንዷ ስትወጣ አንዷ ልጅ የምትጠብቅ ናቸው። ትርንጎ ፊደል የቆጠረችው በሉባባ ጉልበት ላይ፣ በራቢያ ያለቀ ደብተር ነው።

ሉባባ አልለመነችም። ሳህኑ አሥራ ዘጠኝ ቀን ንጹሕ ሆኖ እንደዋለ ሀሴት ማሽኑ ላይ አየች፤ በሃያኛው ቀን ራሷ ምግብ አስሞልታ ለራቢያ አደረሰችላት። ያኔ ትርንጎ በዝርዝሩ ላይ ዘጠነኛ ነበረች፤ ስለዚህ ደግነቱ ብዙም አልከበዳትም። የካቲት ላይ ግን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው አንድ መስመር ተዘጋና ስምንት ቤተሰብ ሥራ ፍለጋ ወደ ሰመራ ሄደ። ስምንት ሳህን በአንድ ወር ተፈታ። ትርንጎ አንደኛ ሆነች። ከዚያ ወዲህ ሀሴት በየቀኑ ለራቢያ የምትሸከመው ሳህን፣ ብትተወው ኖሮ የልጇ የሚሆነው ሳህን ነው። ሉባባም ሰሌዳውን ታነባለች፣ ታውቃለች። አንድም ቀን አላነሱትም።

ሳህኑ ቧንቧው ሥር ከተሞላ ጀምሮ ማሽኑ አፍ እስኪደርስ አንድ ሰዓት ይፈቀድለታል፤ በዚያ መሃል የት እንደዋለ አይጠየቅም። ሀሴት 207ን ከልጆቹ ሁሉ ኋላ ቧንቧው ሥር ታኖረዋለች፣ ክዳኑን ገጥማ ነጠላዋ ውስጥ ትሸጉጠዋለች፣ ከውኃ ጋኑ ጀርባ ባለው የአጥር ቀዳዳ ትሾልካለች። ራሷ በልታ ብታስገባው ይቀላት ነበር፤ ማሽኑ ማን ሆድ እንደገባ አይጠይቅም። አንድ ቀን ሞክራውም ነበር። አልወርድ አላት።

«መጣሽ እትዬ ሀሴት?» ትላለች ራቢያ ከፍራሿ ላይ ሆና። ድምጿ ቀጥኗል፣ ዓይኗ ግን የድሮው ዓይን ነው። «ዛሬም ሽሮ ነው አይደል?»

«አይ፣ ዛሬ ዶሮ ነው» ትላለች ሀሴት። ትምህርት ቤቱ ሥጋ ለመጨረሻ ጊዜ ያየው ትርንጎም ራቢያም ሳይወለዱ ነው።

ራቢያ ትስቅና ሳል ይይዛታል። ከዚያ ጠቅልላ ጠቅልላ፣ ቂጣው ውስጥ ሽሮውን ሞልታ፣ እጇን ወደ ሀሴት አፍ ትዘረጋለች።

«በልቻለሁ እኮ፣ አንቺ ብዪ።»

«ውሸትሽን ነው። ትርንጎ ነግራኛለች፣ እማ ምሳ አትበላም ብላኛለች። በሞቴ!»

ሀሴት አፏን ትከፍታለች። ጉርሻው ከልጅቷ አፍ የሚበልጥ ነው፤ ጉንጯን ወጥሮ ዓይኗ እንባ ያቀርራል። ሉባባ ከጓንቷ ቀና ብላ ታያቸውና ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች።

የሚያስቸግረው መመለሻው ነው። ከጎረቤት የመጣ ሳህን ባዶውን አይመለስም፤ ቢጠፋ ቢጠፋ እፍኝ ቆሎ፣ ቢያንስ አንድ ሎሚ ጣል ይደረግበታል። ሳይታጠብ መመለስማ ጭራሽ የማይታሰብ ነው። ይኸኛው ሳህን ግን ሳይታጠብም ባዶውንም መመለስ ነበረበት። ሉባባ በየቀኑ ስታቀብል ሳህኑን ቶሎ አትለቅም።

«ሀሴትዬ፣ ትንሽ ነገር ላድርግበት። እንዴት ሁልጊዜ እንዲህ?»

«ባዶውን ስጪኝ።»

«ትንሽ ናት እኮ፣ ለትርንጎ…»

«ሉባባ፣ ባዶውን ስጪኝ አልኩሽ።»

ለምን እንደሆነ ግን ነግራት አታውቅም። ታጥቦ ወይም ነገር ተጨምሮበት ከገባ ማሽኑ ያውቃል፣ እባረራለሁ፣ ልጄ ከዝርዝር ትሰረዛለች ማለት ውለታን በሰው ፊት እንደ መቁጠር ነው፤ ሀሴት ደግሞ እንደዚያ አላደገችም። ሉባባም በበኩሏ ይህንን እምቢታ እንደማንኛውም እምቢታ ወሰደችው። ሰው ብላ ሲሉት ጠገብኩ ይላል፣ ያዝ ሲሉት ተዉት ይላል፤ ሦስቴ እምቢ ብሎ በአራተኛው ይቀበላል። ይሉኝታ ነው ብላ ተወችው። እንደ ሰው የማታመሰግንበት ቀን ግን ሆዷን እየበላት ሄደ።

መጋቢት 26 ጧት፣ ልደቷ ሰባት ቀን ሲቀረው፣ ትርንጎ ሰሌዳው ሥር የእናቷን እጅ ይዛ ቆማ ነበር። ሰሌዳው ባዶ ነው።

«እማ፣ ቁፋሮ ጓንት ይሰጣሉ?»

«ይሰጣሉ።»

«እትዬ ሉባባ የምትጥፈውን?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ይሁን» አለች ትርንጎ፣ ትልቅ ሰው ይመስል። «ትንሹን መርጣ ታስቀምጥልኛለች።»

ሀሴት ወደ ማጠቢያዋ ገባች። ጧቱን ሙሉ የቁርስ ኩባያ እያጠበች የልጇን ጣቶች ታስብ ነበር፤ ምን ያህል ትንሽ ጓንት እንደሚበቃቸው።

እኩለ ቀን ላይ ሀሴት ወደ ሉባባ ቤት ስትገባ ራቢያን ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣ አገኘቻት። ከጥር ወዲህ ተቀምጣ አይታት አታውቅም። ልጅቷ ሳህኑን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ማንም ሳያግዛት በላች። ቂጣውን በልታ ሽሮውን ጠረገች፣ ጠርዙን በጣቷ ዞረችበት።

«አልሐምዱሊላህ! ጠረገችው! አየሽልኝ ሀሴትዬ? ጠረገችው እኮ!» ሉባባ ጨርቋን ጥላ ብድግ አለች። «ሚያዝያ ሳይጋመስ ትመለሳለች፣ ወላሂ በእግሯ ትመለሳለች።»

ሀሴት ደስ አላት። ደስታው እውነተኛ ነበር፤ ራቢያን ጉንጯን ሳመቻት። ግን ከደስታው ሥር ሌላ ነገር ተንቀሳቀሰ። ራቢያ ከዳነች ሳህኑ መቼም አይፈታም። ሰባት ቀን ቀርቷል።

ሉባባ ሳህኑን ይዛ ከመጋረጃው ጀርባ ገባች፤ ክዳኑ ቀጭ ሲል ተሰማ።

«ባዶውን ስጪኝ» አለች ሀሴት እንደ ልማዷ።

«እሺ፣ አብሽሪ፣ እሺ» አለች ሉባባ። ፈገግታዋን መያዝ አቅቷት ነበር።

ሳህኑ እጇ ላይ ሲያርፍ ሀሴት አወቀች። ባዶ 207 ምን ያህል እንደሚከብድ ከሷ እጅ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ይኸኛው እፍኝ ያህል ከብዶ ነበር። ራቢያ ጠርጋ እንደበላች በዓይኗ አይታለች።

ከነጠላዋ ሥር ይዛው ወጣች። አጥሩ ቀዳዳ ጋ ስትደርስ ሰዓቷ ሊሞላ አሥራ አራት ደቂቃ ይቀራት ነበር። ማንም አያያትም። ክዳኑን ለመክፈት አንድ እጅ ይበቃ ነበር፤ የሆነውን ነገር ኪሷ ውስጥ ገልብጣ፣ ማታ ለትርንጎ እትዬ ሉባባ ሰደደችልሽ ብትል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ሀሴት ቆመች። እጇን ክዳኑ ላይ አደረገች። ትንሹን መርጣ ታስቀምጥልኛለች የሚለው የልጇ ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ ነበር።

የተረፈ ቂጣ ይሆናል አለች በልቧ። አለመሆኑን እያወቀች እንዲህ አለች፣ ከዚያም በቀዳዳው ሾለከች።

ማሽኑ ሳህኑን ከፈተ። አረንጓዴው አልበራም። ቢጫ በራና ለስላሳ የሴት ድምፅ፣ «ባዕድ ምግብ። ሳህን 207» አለ። ማሽኑ ቆመ። ትሪው ላይ የተቆላ ሽምብራ ተበትኗል፤ ጨው ነክቶታል፣ ገና ትኩስ ነው።

አቶ ኢዮስያስ ታብሌቱን ብብቱ ሥር ይዞ መጣ። ሠራተኞቹ የሳህን ሹም ይሉታል። አይጮህም፣ አይሳደብም፤ በሥራ ዘመኑ ሰው ላይ እጁን ያነሳበት ቀን የለም። አንዲት ሽምብራ በሁለት ጣቱ አንስቶ አየ።

«ይሄ ከኛ ቧንቧ አልወረደም።»

«አልወረደም።»

«ልጅቷ ዛሬ መጥታለች?»

ሀሴት ወለሉን አየች።

«ከመቼ ወዲህ ነው የቀረችው?»

«ከጥር።»

«ሳህኑ ግን ሲበላ ሰንብቷል።» ታብሌቱ ላይ ጣቱን አሳለፈ። «እንግዲህ ሰው ያወጣዋል፣ ሰው ይመልሰዋል ማለት ነው። በማን እንደወጣ መጻፍ አለብኝ።»

ጠበቀ። በእውነት ነው የጠበቀው፤ ሀሴት ይህንን ኋላም ደጋግማ አስባዋለች። እኔ ነኝ ለማለት ጊዜ ሰጥቷት ነበር። እኔ ነኝ ብትል ከሥራ ትወጣለች፣ ትርንጎም በዚያው ሰዓት ከዝርዝር ትሰረዛለች። ራቢያም ሳህኗን መልሳ አታገኝም፤ ወጥቶ የተገኘ ሳህን ይፈታል። ሀሴት ይህንን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰላችና ዝም አለች።

«አልታወቀም ልበል?»

«አላውቅም፣ ጋሼ።»

«ይሁን። ማሽኑ ሲቆም አጠገቡ የነበረ ሠራተኛ ጠቋሚ ተብሎ ይመዘገባል። ደንቡ ነው። አንቺ ነበርሽ።»

«ኧረ እኔ አልጠቆምኩም…»

«ደንቡ ነው አልኩሽ።» ታብሌቱን ዘጋ። «ልጅሽ ስንተኛ ናት?»

«አንደኛ።»

አቶ ኢዮስያስ ለአፍታ አያት። ከዚያ ሽምብራዋን አፉ ውስጥ ጣላት፣ ቀስ ብሎ ቆረጠማት።

«ብልህ ሴት ነሽ» አለና ሄደ። ማሽኑ የቀረውን ሽምብራ አጥቦ ወሰደው።

በሦስተኛው ቀን ሰሌዳው ላይ 207 ወጣ፣ ከሥሩም የትርንጎ ስም። እናቶቹ እልል አሉ። ትርንጎ እየዘለለች የእናቷን ነጠላ ስትጎትት ሀሴት እልል ማለት አቃታት፤ አፏን ከፈተች፣ ድምፅ አልወጣም። ደስታ አፍኗት ነው ተባለ።

ከሰዓት በኋላ ሉባባ መጣች። ሀሴት በሩን ስትከፍት ያየችው መጀመሪያ ወረቀቱን ነው፤ በሉባባ እጅ ታጥፎ ተይዟል። ማኅተሙ ከላይ፣ «ጠቋሚ ሠራተኛ፦ ሀሴት ናሆም» ከታች። በሌላው እጇ ሰማያዊ ጠርዝ ያለው አሮጌ የብረት ሳህን ይዛለች፣ በጨርቅ ተሸፍኗል።

«ግቢ» አለች ሀሴት።

«አልገባም፣ ራቢያን ትቻት ነው የመጣሁት።» ሉባባ ወረቀቱን አሳየቻት። «ይሄን ሰጡኝ። አላመንኩትም። ማሽን ነው የጻፈው፣ ማሽን ምን ያውቃል? እኔ አንቺን አውቅሻለሁ።»

«ሉባባ…»

«ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ። ባዶውን ስጪኝ ስትዪኝ ይሉኝታ መሰለኝ። ሰው ሁሉ አይሆንም አይሆንም ይላል፣ አንቺም እንደ ሰው መስሎኝ። ልጄ ጠርጋ በላች ብዬ ደስታው አሳበደኝ። ለትርንጎ ልደት ነበር፣ እፍኝ ሽምብራ። በገዛ እጄ ልጄን…» አልጨረሰችውም። «ሥራሽን አለማጣትሽ እሱ ራሱ ተመስገን ነው።»

ልንገራት አለች ሀሴት በልቧ። አሁን፣ እዚሁ በር ላይ። እጄ አውቆ ነበር፣ ጊዜም ነበረኝ ልበላት። ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ሉባባ ግን በዚያ አመድ በመሰለ ፊቷ ላይ አንድ የሚደገፉት ነገር ይዛ ቆማለች፤ እሱም ሀሴት ናት። ሀሴት ለሉባባ ያሰበች መስሏት ዝም አለች። ለራሷ እንደነበር የገባት ዘግይቶ ነው።

«ራቢያስ?» አለች።

«ትናንት ማታ እንደገና ሳላት ተነሳ። ሲሻላት ቁፋሮ ይጠሯታል አሉኝ፤ ስምንት ዓመት ካለፋት ሳህን የላትም።» ሉባባ የብረት ሳህኑን ዘረጋች። «ይሄ ለትርንጎ ነው። ትምህርት ለምትጀምርበት ቀን።»

ከጨርቁ ሥር የተቆላ ሽምብራ ነበር፣ ሳህኑ ሙሉ። ከላዩ ላይ የራቢያ የሁለተኛ ክፍል ደብተር ተቀምጧል፤ ገጾቹ ከግማሽ በላይ አልተጻፈባቸውም።

ትርንጎ ትምህርት የጀመረችው ሚያዝያ 2 ነው፣ ስምንት ዓመት ሊሞላት አንድ ቀን ሲቀረው። ያን ጧት ከውኃ ጋኑ ጀርባ ያለው የአጥር ቀዳዳ በሽቦ ተሰፍቶ ነበር። ማን እንደሰፋው ሀሴት አልጠየቀችም።

ምሳ ሰዓት ሳህኖቹ በመስኮቷ ይጎርፉ ጀመር። ትንሽ እጅ 207ን አቀበላት፤ ሀሴት እጁንም ሳህኑንም አወቀች። ከበዳት። ማድረግ የማይፈቀድላትን አደረገች፣ ክዳኑን ገለጥ አድርጋ አየች። ሽሮው መሃል ለመሃል በጣት ተከፍሏል፤ አንደኛው ወገን ተጠርጓል፣ ሌላኛው አልተነካም። ቂጣው ተገምሶ ግማሹ በጥንቃቄ ታጥፎ ተቀምጧል።

ሀሴት ወደ መስኮቱ ጎንበስ አለች። «ለምን አልጨረስሽም?»

«የራቢያ ነው» አለች ትርንጎ በሹክሹክታ። «ትወስጂላት የለ?»

ከኋላዋ የተሰለፉት ልጆች ክዳን ያንኳኳሉ። አዳራሹ ዳር አቶ ኢዮስያስ ቆሞ ወደ ማጠቢያው ይመለከታል።

«ነገ ሁሉንም ትበያለሽ። ሰማሽኝ? ያንቺ ነው።»

«ራቢያስ?»

«እለፊ» አለቻት ሀሴት። «ወረፋ አትዝጊ።»

ትርንጎ ከንፈሯን ጥላ ሄደች። ሀሴት ጀርባዋን ለመስኮቱ ሰጥታ ማጠቢያው ጥግ ቆመች። ሳህኑ ግማሽ ተርፎበት ከገባ ገና በመጀመሪያው ቀኗ ከሦስቱ አንዱ ይመዘገብባታል። ቂጣውን አነሳች፣ ሽሮውን ጠረገችበት፣ ጎረሰችው። ሁለተኛ ጎረሰች። በዚያን ጊዜ አልወርድ ያላት ምግብ ዛሬ ወረደላት። ጠርዙን በጣቷ ዞረችበት፣ ራቢያ እንዳደረገችው፤ ጀርባው ላይ አውራ ጣቷ አምስቱን የተፋቁ ስሞች አገኘ፣ ስድስተኛው ገና ሹል ነው። ክዳኑን ገጠመች። ማሽኑ ከፈተው፣ መዘነው፣ አጠበው። አረንጓዴ በራ።

የሉባባ ሳህን እስከ ዛሬ ሀሴት ቤት መደርደሪያው ላይ ነው። ሽምብራው ካለቀ ሰንብቷል፤ ሳህኑ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተደፍቷል። ቁጥር የለውም፤ ሰዓቱ ሞላ ብሎ የሚጠራው የለም። ከግድግዳው ማዶ አንዳንድ ቀን ሳል ይሰማል፣ አንዳንድ ቀን አይሰማም። ሀሴት የትኛው እንደሚሻል አታውቅም፣ ሄዳም አልጠየቀችም።

«እማ፣ የእትዬ ሉባባን ሳህን መቼ ነው የምንመልሰው?» ትላለች ትርንጎ።

«የሚደረግበት ነገር ስናገኝ።»

ልጅቷ ደብተሯን ይዛ ስትወጣ ሀሴት ሳህኑን ታወርደዋለች። በእጇ ትመዝነዋለች፣ ወደ በሩ ሁለት እርምጃ ትሄዳለች፣ መልሳ ታስቀምጠዋለች። ባዶ ነው።